ሕፃኑን ማን ለማን ያስረክባል?



ለትንንሽ ልጆች የሚሠሩ የአካባቢ ማኅበራትና ድርጅቶች ተባብረው እንዲሠሩ ምን ያስፈልጋል በሚለው ላይ እንድናገር ነው የተጋበዝኩት። ስለዚህ ጉዳይ ሲወራ ወሬው አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከድርጅቶቹ ነው፤ ማን ከማን ጋር ተፈራረመ፣ ማን ሰበሰበ፣ ማን ሳይመጣ ቀረ። እኔ ከልጁ ልጀምር። ልጁን ተከትለን ከሄድን ድርጅቶቹ የት ቦታ ላይ መገናኘት እንዳለባቸው ግልጽ ይሆንልናል።

ጤና ኬላ ባለበት ቀበሌ የተወለደ ሕፃን በመጀመሪያው ዓመት ጠያቂ አያጣም። በ45 ቀኑ እናቱ አዝላው ለክትባት ትሄዳለች፤ ከወር በኋላ ትመለሳለች፤ ከዚያም ደግማ ትመለሳለች። በዘጠኝ ወሩ የኩፍኝ ክትባት ይሰጠዋል፤ ከ2011 ዓ.ም ጀምሮ ደግሞ በ15 ወሩ የሚሰጥ ሁለተኛ የኩፍኝ ክትባት ተጨምሯል። እስከ ሁለት ዓመቱ ክብደቱ እየተመዘነ በካርዱ ላይ ነጥብ ይደረግለታል። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋም ቤቱን ታውቀዋለች። ፕሮግራሙ በ1995 ዓ.ም ሲወጠን አምስት ሺህ ያህል ሰው ለሚኖርበት ቀበሌ ሁለት ሴት ባለሙያዎች እንዲመደቡ የታሰበው ሰው ቤት ድረስ እንዲደርሱ ነበርና።

ከሁለት ዓመቱ በኋላ ጠያቂው ይመናመናል። በዓመት ሁለት ጊዜ ቫይታሚን ኤ አፉ ላይ ይንጠባጠብለታል፣ የትላትል መድኃኒት ይሰጠዋል፣ ክንዱ በባለ ሦስት ቀለሙ ሜትር ይለካል። አረንጓዴው ላይ ካረፈ ደኅና ነው ተብሎ ይሸኛል። ወላጆቹ ለግል አጸደ ሕፃናት የሚከፍሉት ገንዘብ ከሌላቸው፣ ሌላ ተቋም በስሙ ጠርቶ የሚያየው አብዛኛውን ጊዜ ስድስት ዓመት ሞልቶት ከአንደኛ ክፍል በፊት ያለው ኦ ክፍል ሲገባ ነው። ያውም ከተመዘገበ።

በሁለት ዓመትና በስድስት ዓመት መካከል አራት ዓመት አለ። ልጁ ቋንቋውን የሚያሰፋበት፣ ከእኩዮቹ ጋር ተጣልቶ መታረቅን የሚለማመድበት፣ ያየውን ሁሉ ለምን እያለ የሚጠይቅበት ዕድሜ ነው። የመስማት ወይም የማየት ችግር ያለበት ልጅ ችግሩ ሊታወቅለት የሚገባውም በዚህ ጊዜ ነው። በእነዚህ ዓመታት በአንድ ወረዳ ውስጥ ልጁን የሚያገኙት ብዙዎች ናቸው፤ የቤተ ክርስቲያኑ የሕፃናት ፕሮጀክት፣ ቄስ ትምህርት ቤቱ፣ መድረሳው፣ የእናቶች የራስ አገዝ ቡድን፣ እድሩ፣ የሕፃናት ማቆያው፣ ከለጋሽ ገንዘብ የሚያገኘው የበጎ አድራጎት ድርጅት። ሁሉም ልጁን ያዩታል። ግን አንዳቸው ለሌላው አያስረክቡትም። ዛሬ የምናገረው ስለዚህ ርክክብ ነው። በእኔ እምነት የማኅበራት ትብብር የሚመዘነው በፊርማና በስብሰባ ብዛት አይደለም፤ አንድ ልጅ ከአንዱ ማኅበር እጅ ወደ ሌላው ሲተላለፍ ስሙን ይዞ፣ ጉዳዩን ይዞ፣ ሳይጠፋ መድረሱ ነው መለኪያው።

የዓለም ጤና ድርጅት፣ ዩኒሴፍና የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጡት ማዕቀፍ አንድ ሕፃን በደንብ ለማደግ አምስት ነገሮች በአንድ ላይ እንደሚያስፈልጉት ገልጸዋል፤ ጤና፣ በቂና የተመጣጠነ ምግብ፣ ደኅንነት፣ ስሜቱን አይቶ መልስ የሚሰጠው አሳዳጊ፣ የመማር ዕድል። ከአንድ ወረዳ ውስጥ አምስቱንም የሚያሟላ አንድ ድርጅት ጥሩልኝ ብላችሁ የምትጠሩት አታገኙም። ጤና ኬላው ፊደል አያስቆጥርም። የኦ ክፍሏ መምህርት ሕክምና አትሰጥም። ስለዚህ ትብብር ደግ ሰዎች በትርፍ ጊዜያቸው የሚጨምሩት ነገር ሳይሆን ከልጁ አስተዳደግ የሚመነጭ ግዴታ ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ ያየሁትን ላንሳ። እናትየው ጉልት ላይ ሽንኩርትና ቃሪያ ትሸጣለች። ልጇ አጠገቧ ማዳበሪያ ላይ ተቀምጣ ትውላለች። በዚያ ሰፈር ሦስት ድርጅቶች ይሠራሉ፤ ሦስቱም ይህችን ልጅ መዝግበዋታል። በአንደኛው መዝገብ በቤት ስሟ ነው የተጻፈችው። በሁለተኛው በመዝገብ ስሟ ከአባቷ ስም ጋር አለች። በሦስተኛው በአያቷ ስም ተጠርታለች። በአንዱ ዕድሜዋ ሁለት ዓመት ከስምንት ወር ነው፣ በሌላው ሦስት፣ በሦስተኛው አራት። እናትየው ስትጠየቅ የጥምቀት ማግስት ነው የወለድኳት ትላለች፤ የትኛው ዓመት ጥምቀት እንደሆነ ደግሞ መዝጋቢው ሁሉ የገመተውን ጽፏል።

በአንዱ ድርጅት መዝገብ ላይ ከስሟ ትይዩ «ድጋፍ ተደርጎላታል» ይላል። በሌላው «ክትትል ላይ»። በሦስተኛው «አልተገኘችም»። ሦስቱም መዝጋቢዎች ያዩትን ነው የጻፉት፤ አንዳቸውም አልዋሹም። ክንዷ ግን በሁለት ተከታታይ የልኬት ዘመቻዎች የምግብ እጥረትን በሚያመለክተው ቢጫው ላይ አርፎ ነበር። ከጉልቷ ብዙም ሳይርቅ ምሳ የሚያበላ የሕፃናት ማቆያ አለ፤ ያን ጊዜ ክፍት ቦታም ነበረው። የለካው ለማቆያው አልተናገረም። ማቆያው አልጠየቀም። እናትየው ደግሞ ቢጫ ማለት ምን እንደሆነ በቅጡ አልተነገራትም። ሦስት ድርጅቶች፣ ሦስት መልካም ሪፖርት፣ ማዳበሪያ ላይ የምትውል አንዲት ልጅ።

የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም መጨረሻ ነው። ከዚያ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ የተካሄደው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት ልደታቸው የተመዘገበላቸው 3 ከመቶ ብቻ መሆናቸውን አሳይቷል። ከዚያ ወዲህ ምዝገባው ተሻሽሏል፤ ቢሆንም ብዙ ልጆች ዛሬም የልደት ምስክር ወረቀት ሳይኖራቸው ነው ኦ ክፍል የሚደርሱት። ልጁ አንድ ስምና አንድ የልደት ቀን ከሌለው ሁለት ድርጅቶች ስለ አንድ ልጅ እያወሩ መሆናቸውን እንኳን ማወቅ አይችሉም። ለዚህ ነው ትብብር እንጀምር የሚሉ ማኅበራት ሲያማክሩኝ የመጀመሪያውን ጊዜያቸውን በራዕይና በተልእኮ ጽሑፍ ላይ እንዳያጠፉ የምለምናቸው። መዝገቦቻችሁን ይዛችሁ ኑ፣ አንድ ጠረጴዛ ላይ ዘርጉ፣ የአንድ መንደር ልጆችን ስም በስም አስተያዩ እላቸዋለሁ። ይህን ያደረገ ሰው ስለ ትብብር አስፈላጊነት ሌላ ሥልጠና አያሻውም።

ከላይ ያለው ወረቀት ጥሩ ነው፤ ይህን መመስከር አለብኝ። በ2002 ዓ.ም የትምህርት፣ የጤናና የሴቶች ጉዳይ ሚኒስቴሮች በጋራ የቅድመ ልጅነት እንክብካቤና ትምህርት የፖሊሲ ማዕቀፍ አውጥተዋል። ማዕቀፉ አራት ምሰሶዎች ነበሩት፤ የወላጆች ትምህርት፣ ከእርግዝና ጀምሮ ያለው የጤናና የማነቃቃት ሥራ፣ አጸደ ሕፃናት፣ እንዲሁም ታላላቆቹ ተማሪዎች ታናናሾቹን እያጫወቱ ለትምህርት የሚያዘጋጁበት ከልጅ ለልጅ የተባለው ዘዴ። ሦስት ሚኒስቴሮች ስለ አንድ ሕፃን በአንድ ሰነድ መስማማታቸው ቀላል ነገር አልነበረም። ወደ ቀበሌ ስንወርድ ግን ሦስቱ መሥሪያ ቤቶች ሦስት መስመር፣ ሦስት ሪፖርት፣ ሦስት አለቃ አላቸው። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ የምትጠየቀው ስለ ክትባት ሽፋን ነው፤ መምህርቷ የምትጠየቀው ስለ ተመዘገበ ተማሪ ቁጥር ነው። የሁለት ዓመቱን ልጅ ከአንዷ ተቀብለሽ ለሌላዋ አድርሺ ተብላ የታዘዘች የለችም። የአካባቢ ማኅበራት ትልቁ ዕድል እዚህ ላይ ነው፤ የሁለቱን መሥሪያ ቤቶች ደጃፍ የሚያገናኘው መንገድ ላይ የሚኖሩት እነሱ ናቸው።

አሁን ወደ እድር ልለፍ፤ እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ። ትብብርን ከባሕር ማዶ ልንማረው አይገባም የሚሉ ሰዎች አሉ፤ ለዚህ ሐሳብ ጥሩ ማስረጃ የሚሆነው እድር ነው። ለቅሶ ሲደርስ የእድር አባላት ስለ አንድነት ንግግር አይሰሙም። ጥሩምባው ይነፋል፣ ድንኳኑ ይወጣል፣ ወንበሩ ይደረደራል፤ ማን ለቀብር እንደሚሄድ፣ ማን እንደሚያድር፣ ማን እንጀራ እንደሚያቀርብ አስቀድሞ ታውቋል። የቀረ ሰው ይቀጣል። ቅጣቱ ትንሽ ብር ነው፤ ስሙ ግን በጠቅላላ ስብሰባ ይነበባል። ጸሐፊው መዝገብ አለው፣ ገንዘብ ያዡ ደረሰኝ አለው፣ ሰብሳቢው የሥራ ዘመን አለው። እርስ በርሳቸው የማይዋደዱ ሰዎች፣ ሃይማኖታቸው የተለያየ ሰዎች፣ በፖለቲካ የተኳረፉ ሰዎች አንድ ድንኳን ይተክላሉ። የሚያስችላቸው የግዴታው ዝርዝርነት ነው። ተባበሩ አልተባሉም፤ ድንኳን ትከሉ ነው የተባሉት።

የእኛ የድርጅቶች የመግባቢያ ሰነዶች ግን አብዛኛውን ጊዜ ተቃራኒውን ያደርጋሉ። «ወገኖች በጋራ ጉዳዮች ላይ ተቀራርበው ለመሥራት ተስማምተዋል» ይላሉ። ይህን ዓረፍተ ነገር ማንም ሊያፈርሰው አይችልም፤ ስለዚህ ማንም ሊፈጽመውም አይችልም። በእድር ቋንቋ ይጻፍ ቢባል እንዲህ ይሆን ነበር፤ የክንድ ልኬቱ ቢጫ ወይም ቀይ የሆነ ልጅ ስም በተለካ በሦስተኛው ቀን ለማቆያው አስተባባሪ ይደርሳል፤ አስተባባሪዋ በሳምንት ውስጥ ቤቱ ሄዳ ታያለች፤ ያየችውን ለለካችው ባለሙያ ትመልሳለች፤ ይህን ያልፈጸመ ማኅበር ምክንያቱን በወር ስብሰባው ያስረዳል። አንድ ገጽ ይበቃል።

በ1990ዎቹ ኤች አይ ቪ ቤት እየዘጋ በነበረበት ዘመን እድሮች ያደረጉትን ዛሬ ብዙ ሰው ረስቶታል። ቀብሩ በዛ፤ የእድሩ ካዝና ተራቆተ፤ የሞቱት አባላት ልጆች ያለ አሳዳጊ ቀሩ። የተወሰኑ እድሮች ያን ጊዜ ተሰብስበው መተዳደሪያ ደንባቸውን ለወጡ፤ ከቀብር ወጪ ውጪ ለሕያው፣ በተለይም ወላጅ ላጡ ሕፃናት ድጋፍ ማድረግን ጨመሩ። ጎረቤት እድሮችም ኅብረት ፈጠሩ። ልብ በሉ፣ ርኅራኄው አስቀድሞም ነበር። ሥራው ዘላቂ የሆነው ርኅራኄው ወደ ደንቡ አንቀጽ ሲገባ ነው።

እድር ላይ ብቻ መመሥረት ግን አይበቃም፤ እድር የማያያቸው ልጆች አሉ። እድር የሚቆጥረው አባወራን ነው። ወርኃዊ መዋጮ የማትችል እናት፣ ባለፈው ክረምት ከገጠር መጥታ ጓሮ ቤት የተከራየች፣ ሰው ቤት ተቀጥራ ልጇን ዘመድ ጋ ያስቀመጠች፣ በእድሩ መዝገብ ላይ የሉም። በጣም የተቸገሩት ልጆች ደግሞ በብዛት ያሉት እነሱ ዘንድ ነው። ስለዚህ ማኅበራት ሲቀናጁ እድሩ ያላያቸውን ማን ያያል ብለው መጠየቅ ይኖርባቸዋል። ብዙ ጊዜ መልሱ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ናት፤ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ውኃ ቦኖ ላይ የምትቀዳው ሴት ናት።

በመንግሥት ደረጃ ከተሞከሩት ቅንጅቶች ለእኔ ብዙ የሚያስተምረው የሰቆጣ ቃል ኪዳን ነው። በሐምሌ 2007 ዓ.ም መንግሥት ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚደርሰውን መቀንጨር በ2022 ዓ.ም ለማስቀረት ቃል ገባ። መቀንጨር በቀላሉ የሚታይ በሽታ አይደለም፤ ልጁ ለዕድሜው አጥሮ ይቀራል፣ አእምሮውም የሚገባውን ያህል ሳያድግ ይቀራል፣ ቤተሰቡ ግን እንደ እኛ ዘር አጭር ነው ብሎ ያልፈዋል። እ.ኤ.አ. በ2000 ከአገራችን ሕፃናት ከግማሽ በላይ የቀነጨሩ ነበሩ፤ በዚያው አቆጣጠር በ2016 ወደ 38 ከመቶ ወረደ። ቃል ኪዳኑ በስሟ የተጠራላት ሰቆጣ የዋግ ኽምራ ዋና ከተማ ናት፤ አካባቢው በ1977 ዓ.ም ረሃብ ክፉኛ ከተጎዱት አንዱ ነው። የመጀመሪያው ምዕራፍ በተከዜ ተፋሰስ ባሉ 40 የአማራና የትግራይ ወረዳዎች ተጀመረ።

ለእኛ ጉዳይ የሚጠቅመው የአሠራሩ ነገር ነው። መቀንጨር የምግብ ጉዳይ ብቻ አይደለም። እናት ወፍጮና ውኃ ፍለጋ ስትንከራተት ጡት ለማጥባት ጊዜ ታጣለች፤ ልጁ ንጹሕ ያልሆነ ውኃ ጠጥቶ ሲያስቀምጠው የበላውን ያጣል፤ በጓሮ አትክልት ከሌለ ገንፎው ባዶ ዱቄት ነው። ውኃ ቢሮ፣ ግብርና፣ ጤና፣ ትምህርት፣ ሴቶች ጉዳይ፣ ፋይናንስ፣ ሁሉም የየራሳቸው ዕቅድ ነበራቸው። ቃል ኪዳኑ በወረዳ ደረጃ ወጪው የተሰላ አንድ የጋራ ዕቅድ እንዲያወጡ አደረጋቸው። ወጪው የተሰላ የሚለው ላይ ትኩረት እንድታደርጉ እፈልጋለሁ። አብረን እንሠራለን የሚል ዕቅድ ከማን ኪስ ምን ያህል እንደሚወጣ ካልተጻፈበት የሚኖረው እስከ ስብሰባው ማብቂያ ነው። ከ2013 ዓ.ም ጀምሮ በዚያው አካባቢ የተነሣው ጦርነት ሥራውን ምን ያህል እንደጎዳው የምታውቁት ነው፤ ጤና ተቋማት ወድመዋል፣ ሕዝብ ተፈናቅሏል። ሰላም ከሌለ የትኛውም ቅንጅት ልጅን አያድንም፤ ይህን ሳልናገር ማለፍ አልችልም።

ከውጭ አገር አንድ ምሳሌ ልጨምር። በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት በምትገኘው ሲንሲናቲ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2006 ስትራይቭ የተባለ ጥምረት ተቋቋመ፤ ጎረቤት የሆኑትን የኬንታኪ ከተሞችም ያካትታል። ከ300 የሚበልጡ የድርጅትና የተቋም መሪዎች ከሕፃንነት እስከ ሥራ ያለውን መንገድ በጋራ ለመከታተል ተስማሙ። አዲስ ፕሮጀክት አልፈለሰፉም። ተመሳሳይ ሥራ የሚሠሩትን በ15 ቡድን ከፍለው በጋራ መለኪያ እንዲሠሩ ነው ያደረጉት፤ ለምሳሌ ቅድመ ትምህርት ላይ የሚሠሩት ሁሉ ልጁ ለትምህርት መዘጋጀቱን የሚለኩት በአንድ ዓይነት መመዘኛ ሆነ። ከአምስት ዓመት በኋላ ጆን ካኒያና ማርክ ክሬመር ስለዚህ ጥምረት በጻፉት ጽሑፍ ከ53 መለኪያዎች በ34ቱ መሻሻል መታየቱን ገለጹ። እኔን የሳበኝ ግን ሌላ ዝርዝር ነው። እያንዳንዱ ቡድን በየሁለት ሳምንቱ ለሁለት ሰዓት፣ ለሦስት ዓመት ያህል ተገናኝቷል፤ ጥምረቱም የሚያስተባብር፣ ደመወዝ የሚከፈለው የተለየ ሠራተኛ ነበረው። መተማመን የመጣው በመመላለስ ነው። በኋላ የተነሡ ተቺዎች ደግሞ እንዲህ ያለው ጥምረት መሪዎችን ሰብስቦ ወላጆችን ውጭ ይተዋል ብለው ነቅፈዋል፤ ነቀፋው ተገቢ ይመስለኛል፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

ደመወዝ የሚከፈለው አስተባባሪ ያልኩት በእኛ አገር ከሁሉ የሚከብደው ነው። ለጋሾች ለደብተር፣ ለአልሚ ምግብ፣ ለሥልጠና ይሰጣሉ፤ መዝገብ ለሚያስተያይ፣ ስልክ ለሚደውል፣ የቀረውን ለሚፈልግ ሰው መክፈል አይወዱም። ሕጉም ለረጅም ጊዜ አላገዘም። በ2001 ዓ.ም በወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621 እና በመመሪያው መሠረት የአስተዳደር ወጪ ከ30 ከመቶ እንዳይበልጥ ሲደረግ፣ ለክትትልና ለትራንስፖርት የሚወጣው ብዙ ገንዘብ እንደ አስተዳደር ወጪ ይቆጠር ነበር። ከውጭ ከ10 ከመቶ በላይ ገቢ የሚያገኝ ድርጅት በሕፃናት መብት ላይ እንዳይሠራም ተከልክሎ ነበር። ማኅበራት ማስተባበርን እንደ ቅንጦት ማየት የለመዱት በእነዚያ ዓመታት ነው። በ2011 ዓ.ም የወጣው አዋጅ ቁጥር 1113 ይህን ለውጦታል፤ በውጭ ገቢ ላይ የነበረው ገደብ ተነሥቷል፣ የአስተዳደር ወጪ ትርጉምም ጠቧል። በሩ ከተከፈተ ቆይቷል። ልማዱ ግን አብሮ አልተለወጠም፤ ዛሬም ፕሮፖዛል ሲጻፍ አስተባባሪ የሚለው መስመር መጀመሪያ የሚሰረዘው ነው።

እኔ የምመክረው ለጋሽ እስኪመጣ ሳይጠብቁ የአካባቢ ጥምረት የሚፈጥሩ ማኅበራት ከየበጀታቸው እንዲያዋጡ ነው። የግማሽ ቀን ሠራተኛ ይሁን፤ ከማንኛቸውም ቢሮ ሳይሆን ሁሉም በሚስማሙበት ቦታ ይቀመጥ፤ የሚቆጣጠሩት ሁሉም ይሁኑ። ያዋጣ ድርጅት ስብሰባ አይቀርም። ውሎ አበል እየተከፈለበት የሚካሄድ ስብሰባ ደግሞ አበሉ ሲቆም አብሮ ይቆማል፤ ስለዚህ ከመጀመሪያው ያለ አበል ይጀመር። ሻይ ይፈላ፣ ዳቦ ይቆረስ፣ ይበቃል።

ወደ ወላጆች ልመለስ። ስብሰባ ሁልጊዜ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ለምን ይጠራል? ለእኛ የሥራ መግቢያ ስለሆነ ነው። ለጉልቷ እናት ግን ሽንኩርቱ የሚሸጥበት ሰዓት ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ለቅጥር ሠራተኛ እናት 120 ቀን የወሊድ ፈቃድ ሰጥቷል፤ የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅም መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲያዘጋጁ ያዛል። ጉልት የምትቸረችር፣ እንጀራ የምትጋግር፣ ልብስ የምታጥብ እናት ከሁለቱም ውጪ ናት፤ ለእሷ የሚደርሰው የአካባቢ ማኅበር ነው። የምትፈልገውን ስትጠየቅ የምትመልሰው ድርጅቶቹ ካሰቡት ይለያል። እኛ የወላጅነት ክህሎት ሥልጠና እናስባለን። እሷ እስከ ስንት ሰዓት ትይዙልኛላችሁ ትላለች። ማቆያው 9 ሰዓት ላይ የሚዘጋ ከሆነ ገበያው የሚደምቀው ከዚያ በኋላ ስለሆነ አይጠቅማትም። ይህን አንድ ጥያቄ አንዲት እናት የጥምረቱ ስብሰባ ላይ ተገኝታ ብታነሣው ስንት ወር የፈጀ ዕቅድ ይታረም ነበር። እናቶች ለምስክርነት ብቻ ሳይሆን ድምፅ ያላቸው አባላት ሆነው ይቀመጡ፤ ሁለትም ሦስትም ይሁኑ እንጂ አንዲት ብቻ አትሁን፤ አንዲት ብቻዋን በባለሙያዎች መካከል ተቀምጣ አትናገርም።

በአዲስ አበባ የከተማው አስተዳደር በቅርብ ዓመታት በቀዳማይ ልጅነት ላይ ሰፊ ፕሮግራም ከፍቷል፤ ቤት ለቤት ወላጆችን የሚያማክሩ ባለሙያዎች አሉ፣ የሕፃናት ማቆያዎችና የመጫወቻ ቦታዎች እየተከፈቱ ነው። ይህ ትልቅ ዕድል ነው። አንዳንድ ማኅበራት እንግዲህ መንግሥት ከያዘው እኛ ምን እንሠራለን ብለው ሲያፈገፍጉ አያለሁ። አልስማማም። ቤት ለቤት የምትሄደዋ ባለሙያ ብዙ አባወራ አለባት፤ በሩ የተዘጋውን ቤት ሁለተኛ ጊዜ ማንኳኳት የሚችለው እዚያው የሚኖር ሰው ነው። ማኅበራት ከባለሙያዋ ጋር ተቀምጠው ያላገኘሻቸውን ስጪን ቢሏት ሥራቸውን አገኙ ማለት ነው።

ስለ መዝገቡ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። የልጆች ስም፣ የቤት ሁኔታ፣ የወላጅ የጤና ጉዳይ ያለበት ወረቀት በየጠረጴዛው መዞር የለበትም። ለርክክቡ የሚያስፈልገው ብቻ ይጻፍ። እናትየው ሳትጠየቅ የልጇ ስም ለሌላ ድርጅት አይተላለፍ፤ ሲተላለፍም በተቻለ መጠን እሷ ባለችበት ይሁን። ይህቺ እኅታችን ከዛሬ ጀምሮ ልጅሽን እዚህ ትከታተላለች ተብሎ ፊት ለፊት መተዋወቅ ከማንኛውም ቅጽ ይበልጣል። የልጁን ፎቶ ለድርጅት ማስታወቂያ ማውጣት ግን ከጥምረቱ ጋር አይገናኝም፤ በደንቡ ቢከለከል ደስ ይለኛል።

ጠብም ይነሣል። ከሚነሡት ጠቦች አብዛኞቹ ስለ ስምና ስለ ቁጥር ናቸው፤ ይህ ልጅ በማን ሪፖርት ይቆጠር? ሁሉም ይቁጠሩት ነው የምለው፤ በሪፖርታቸው ላይ ግን ሌሎቹን ስም ጠርተው ይጻፉ። ለጋሽም ይህን ሊቀበል ይገባል። ከዚህ የሚከብደው በአንድ መንደር ሁለት ድርጅቶች አንድ ዓይነት ማቆያ ሲኖራቸውና በአጠገቡ ባለው መንደር ምንም ሳይኖር ሲቀር ነው። አንዱ መነሣት አለበት። እዚህ ላይ ነው ጥምረቱ እውነተኛ መሆኑ የሚታወቀው፤ ለሌላው ቦታ የለቀቀ ማኅበር በሚቀጥለው ዓመት ገንዘብ እንዳያጣ ሌሎቹ የድጋፍ ደብዳቤ ሊጽፉለት፣ ዕቃ ሊያውሱት፣ ወላጆችን ሊያስተዋውቁት ይገባል። ይህን ሳያዘጋጁ ለቀቅ አድርግልን ማለት ፍትሕ አይደለም።

የመጨረሻው ስለ መዝጊያ ነው። ፕሮጀክት ሦስት ዓመት ነው፣ ሲረዝም አምስት፤ የልጁ ዕድሜ ግን ከፕሮጀክቱ ጋር አይቆምም። ድርጅቶች ሲወጡ ዕቃ ለወረዳ ያስረክባሉ፤ የጠረጴዛና የወንበር ርክክብ ሰነድ በሦስት ቅጂ ተፈርሞ ይቀመጣል። የልጆች ርክክብ ሰነድ ግን አይቼ አላውቅም። እያንዳንዱ የጥምረት ደንብ አንድ አንቀጽ እንዲኖረው እጠይቃለሁ፤ ማንኛውም አባል ሥራውን ሊዘጋ ሲል ከስድስት ወር በፊት ያሳውቃል፤ በእነዚያ ስድስት ወራት ውስጥ በመዝገቡ ላይ ያለው እያንዳንዱ ልጅ በስሙ፣ እናቱ ወይም አሳዳጊው ባለበት፣ ቀጥሎ ለሚከታተለው ማኅበር ይተላለፋል፤ ተቀባይ ያልተገኘለት ልጅ ስም በጥምረቱ ስብሰባ ላይ ይነበባል፤ ተቀባይ እስኪገኝለት ድረስ የመዝጊያ ሪፖርቱ አይፈረምም።